ሲዘጉ የሚታዩ በሮች

ጥር 8 ቀን 1998፣ ሰኞ

ለባሌ ለታጁ ዌብሳይት እሠራለሁ። ለማንም ከመናገሬ በፊት እዚህ ልጻፈው፤ አንዴ ከጻፍኩት ወደኋላ ማለት አልወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሠሪዬ ሮብሌ ኢንተርኔት ካፌው ውስጥ ለአንድ ደንበኛ ከለንደን የመጣ ኢሜይል ሲያትምለት ከጎኑ ቆሜ አነበብኩት። 31 ሜይ ሰፈር ውስጥ በሚሠራው የሕፃናት ክሊኒክ የአራት የሕሙማን ክፍል ግድግዳ የሚስል ሰዓሊ ይፈለጋል። የሚከፍሉት ውጭ ያሉ የከተማው ተወላጆች ናቸው፤ ኮሚቴ አላቸው። መጥተው ሱቅ ለሱቅ አይዞሩም። “የሥራችሁን ዌብሳይት እስከ ፌብሩዋሪ 28 ላኩ” ይላል። በእኛ የካቲት 21 ነው። ስድስት ሳምንት አለኝ።

እዚህ ከተማ ከባሌ የሚበልጥ ሰዓሊ ካለ ያሳዩኝ። ታጁ ሐርጌሳ የገባው በ85 ነው፤ ቤቶቹ ከጦርነቱ የተነሣ ጣሪያ ሳይኖራቸው። ሰው ሱቁን መልሶ ሲያቆም መጀመሪያ የሚያስገጥመው የብረት በር ነበር፤ በሩ ላይ የሚሸጠውን ዕቃ የሚስልለት ደግሞ ታጁ። ስኳሩን፣ ጎማውን፣ የልብስ ስፌት መኪናውን። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ሚዳብ ነው የሚለው። ቀለም ማለት ነው በሶማሊኛ። አሁን ላስቲክ ላይ ፎቶ የሚያትም ማሽን መጣና ሰዉ ሁሉ ሸራ እየሰቀለ ነው። ከኅዳር ወዲህ የሠራነው ሁለት በር ብቻ ነው። በየሳምንቱ አንድ የታጁ በር ተፍቆ ግራጫ ይቀባል።

እኔ ኮምቦልቻ የስድስት ወር ኮምፒውተር ተምሬአለሁ። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ሮብሌ ካፌ፣ አራት ዓመት የሰው ኢሜይል ስከፍትና ስዘጋ ኖሬአለሁ። አንድ ዌብሳይት አያቅተኝም።

ጥር 10፣ ረቡዕ

ሻይ እየጠጣ ነገርኩት።

“ማን ያየዋል?” አለ።

“ለንደን ያየዋል።”

“ለንደን እዚህ መጥቶ ጎማ አይገዛም፣ ፈቲ።”

“ጎማ አይደለም የምሸጠው። አንተን ነው።”

ሳቀ። ከሳቀ እሺ ማለት ነው። ብርጭቆውን አሁን ግማሽ ድረስ ነው የምቀዳለት፤ ሙሉ ሲሆን ይፈሳል። አፉ ሰፊ ብርጭቆ ስለሆነ ነው። ሌላ እገዛለሁ።

ጥር 12፣ ዓርብ

ያላሰብኩት ችግር። በሮቹ ቀን ቀን ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳው ላይ ይታጠፋሉ፤ ሥዕሉ ፊቱን ወደ ግንብ አዙሮ ይውላል። ማታ ሲዘጉ ደግሞ መንገዱ ይጨልማል። ታዲያ የታጁ ሥራ በቀን ብርሃን የሚታየው መቼ ነው? ሱቆቹ ለሶላት ሲዘጉ ብቻ። ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት። ሰዉ መስጊድ፣ መንገዱ ባዶ፣ በሮቹ ሁሉ ክርችም። ያኔ የከተማውን መሐል መንገድ ያየ ሰው ባሌ ምን እንደሠራ ይገባዋል።

ስለዚህ ሰው ሲሰግድ እኔ ፎቶ አነሳለሁ። የራሴን ቆየት ብዬ እሰግዳለሁ፤ ጊዜው እስካልወጣ ድረስ ይቻላል። እናቴ ብታይ ግን ምን ትለኝ ነበር? ሶላትን ለሥራ ብሎ ማስረፈድ እንደ ልማድ ሲያዝ ደግ አይደለም። አላህ ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ ያውቃል።

ሮብሌ ካሜራውን አውሶኛል። “ብትሰብሪው አንቺን ነው የምሸጠው” አለኝ።

ጥር 15፣ ሰኞ

በቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፦ ሦስት በር። ከሰዓት በኋላ፣ ዓስር፦ ሁለት። አንዱ ፊት ለፊት የጭነት መኪና ቆሞበት። እግሬ አለቀ። ነገ የመርፌና ክር ሱቁ፣ ከሱ ቀጥሎ ስጋ ቤቱ። የስጋ ቤቱ በር ሊቀባ ነው አሉ። ልቅደማቸው።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

አልቀደምኩም። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ግራጫ።

ጥር 21፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ገጽ ጨረስኩ። የሌሎችን ገጽ እየከፈትኩ አንጀቱን፣ ኮዱን እያየሁ ነው የተማርኩት። ሥልሳ አራት ፎቶ አስገባሁ። ከላይ የሚሽከረከሩ ኮከቦች፣ ከታች ሙዚቃ፣ የታጁ ሙሉ ስም በወርቅማ ፊደል፤ ታጁ ሙሐመድአወል። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሮብሌን ጠርቼ ክፈተው አልኩት። ከፈተ። ጠበቅን። አንድ ደንበኛ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ጠበቅን። በስድስተኛው ደቂቃ ግማሽ ጎማ ታየ።

“ፈትሂያ፣ ይሄ ሰዓሊ ነው ወይስ ሠርግ?” አለኝ። ከዚያ ቁጭ አለና እንደ ታላቅ ወንድም ነገረኝ። ሰው አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ኮከቡን አውጪው። ሙዚቃውን አውጪው። ሥልሳ አራት ፎቶ ማለት አንድም ፎቶ የለም ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት ምረጪ፣ አሳንሺያቸው። እያንዳንዱ የት መንገድ ላይ እንደሆነ፣ መቼ እንደተሳለ፣ ለማን እንደተሳለ ጻፊ። ስልክ ቁጥር ከላይ። “ደግሞ ታጁ ሙሐመድአወል ማነው? እዚህ ከተማ ሚዳብን እንጂ እሱን የሚያውቅ የለም። ለንደን ያሉትም እኮ እዚህ ነው ያደጉት፤ ዘመዶቻቸውን ደውለው ይጠይቃሉ።”

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁሉንም አጠፋሁት። እንደገና።

ጥር 24፣ ረቡዕ

ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን መረጥን። ታጁ ሲመርጥ ጨካኝ ነው። እኔ የወደድኩትን የዳቦ ቤት በር “እጄ የቸኮለበት ነው” ብሎ ጣለው። የቸኮለበት በር ይህን ካከለ!

አንድ ፋርማሲ ትንሽ ሰሌዳ አዞን ነበር። ሙሌቱን፣ የመደቡን ቀለም እኔ ቀባሁት፤ ወገቡን ስለሚያመው ከመስከረም ጀምሮ ሙሌቱን የምቀባው እኔ ነኝ። ፊደሉንም እኔ። ከእባቡም አንገቱን ብቻ እኔ። ጽዋው ግን የሱ ነው፤ ማለት ንድፉ የሱ ነው።

እትዬ ወለተማርያም፣ ጎረቤታችን፣ ውኃ ስንቀዳ “ፈትሂያ፣ ያን የታጁን እጅ ሐኪም ይየው” አሉኝ። ምን አገባቸው? ሼክ ኑር ሰፈር ግቢያችን ውስጥ የሰው ገመና መቁጠር ሥራ ሆኗል። ብርድ ነው። ጥር ነው።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ለእትዬ ወለተማርያም ክፉ መለስኩላቸው። ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ እኔ ነኝ ክፉ የሆንኩት።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ የእኔ።

አሥራ ሁለተኛው በር የገንዘብ መንዛሪው የዋይስ በር ነው። የተንበረከከች ግመል፤ ታጁ በ87 የሳላት። ዋይስ ገንዘብ ሣልልኝ ብሎት ነበር፣ ታጁ “የተሳለ ገንዘብ ሰው አያምንም፣ ግመል ግን ያምናል” ብሎ አሳመነው። ዋይስ ለሶላት ሲሄድ እንደ መንዛሪዎቹ ሁሉ ብሩን በሩ ፊት ክምር አድርጎ፣ መረብ አልብሶ፣ መረቡ ላይ አራት ድንጋይ ጭኖ ነው የሚሄደው። ጠባቂ የለውም። ማንም አይነካውም። እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ኖሬ ሲነካ አላየሁም።

እኔ ነካሁት። ክምሩ የግመሏን እግር ከልሎብኝ። አንድ ክንድ ያህል ገፋ አደረግኩት፣ ፎቶውን አነሳሁ፣ መልሼ ገፋሁት፣ ድንጋዮቹን መልሼ ጫንኩ። ግመሏን ብቻ ነበር የማየው። ገንዘብ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቀና ስል ነው። ሰዎቹ ከመስጊድ እየወጡ ነበር።

ዋይስ ድንጋዮቹን አየ። ቦታቸውን ያውቃል።

አልጮኸም። “ማነው የነካው?” አለ። እኔ ካሜራ ይዤ ቆሜአለሁ። ከኋላዬ አንዱ “ይህቺ ሁልጊዜ ሰው ሲሰግድ ነው የምትዞረው፤ ስትሰልል ሰነበተች” ሲል ሰማሁ። ካሜራውን ወሰዱት። ሮብሌ መጣ፣ ታጁ ተጠራ። ዋይስን ቁጠር አሉት። “አልቆጥርም” አለ። “ከቆጠርኩ ሌባ ብያት መሆኑ ነው። እኔ የምጠይቀው ለምን ተነካ ብዬ ነው።”

የግመሏን እግር ጠቆምኩት።

የካቲት 3፣ ዓርብ

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ታጁ ስለ እኔ ተናገረ። “ሚስቴ የእኔን ሥራ ስታይ ሌላ ነገር አይታያትም፤ ጥፋቷ ይሄ ነው” አላቸው። ሳቁ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ዋይስ ካሜራውን መለሰ። ካሳው ይሄ ነው፤ የግመሏ እግር በክምሩ ተፈትጎ ለቋል፣ ሚዳብ ራሱ መጥቶ በሩን በሙሉ ያድስለት። “ራሱ” የምትለውን ቃል ሁለቴ አላት። ታጁ በሚቀጥለው ዓርብ አለ።

ከታጁ ጋር ወደ ቤት ተመለስን። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር የሚሄደው።

የካቲት 10፣ ዓርብ

ገና ሳይነጋጋ ሄድን፤ ዋይስ ለእድሳቱ ሲል እስከ ጁምዓ አይከፍትም። ታጁ የሻይ ቤቱን በርጩማ አምጥቶ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ። ወገቡ ነው። ብሩሹን እኔ ያዝኩ።

“ከአንገቷ ጀምሪ። አይ፣ ቀለሙን አታብዢ። ትከሻሽን ልቀቂው። መስመር የሚመጣው ከትከሻ ነው፣ ከጣት አይደለም። እንደዚያ። አሁን እስትንፋስሽን ያዢና እስከ ጉልበቷ ድረስ እንዳታነሺ።”

አላነሳሁም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ዞር ስል ታጁ ሥዕሉን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው። የተቆጣ መሰለኝ። አልተቆጣም።

ዋይስ ከጁምዓ በኋላ መጣ። በሩን ቆሞ አየ፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አየ። የቀሚሴን እጅጌም አየ፤ ቡናማ ቀለም ነበረበት። “የማን እጅ ነው ብዬ አልጠይቅም” አለ፤ “ግመሏ ግን ቀና ብላለች።” ከታጁ ጋር ተጨባበጡ፣ ዋይስ እጁን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

የካቲት 13፣ ሰኞ

ገጹ አሁን በሃምሳ ሰከንድ ይከፈታል። ነጭ መደብ፣ አሥራ ሁለት በር፣ ከያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር። መጀመሪያ ላይ የትኛው ይሁን? ሮብሌ የዋይስን፣ ከታደሰ በኋላ ያነሳሁትን አለ፤ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ይጮኻል፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። አስገባሁት። ከሥሩ “ሚዳብ (ታጁ ሙሐመድአወል)፣ 1998” ብዬ ጻፍኩ።

እውነት ነው። ሐሳቡ የሱ ነው፣ ግመሏ የሱ ናት፣ እያንዳንዱን መስመር የነገረኝ እሱ ነው። ሰው ሲጽፍ ብዕሩ ነው እንዴ የጻፈው?

የካቲት 16፣ ሐሙስ

እንቅልፍ የለም። የካቲት 13 የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብዕር ትከሻ የለውም።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሮብሌ ከመኪናው ቀድቶ አመጣ። ለንደን እኩለ ቀን ሳይሆን ተላከ። ተልኳል። አልሐምዱሊላህ።

ታጁ “ተላከ?” አለ። “ተላከ” አልኩት። “ጥሩ ነው” አለና ጋደም አለ፤ በቀን ጋደም የማይል ሰው።

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ

መልስ መጣ። ከአሥራ ዘጠኝ ሦስት ቀሩ፣ አንዱ እኛ ነን። ካፌ ውስጥ ሮብሌ ለደንበኛው ሁሉ አነበበው። የኮሚቴው ሰው ሲራድ የምትባል ሴት መጋቢት 9 ትመጣለች፤ ክሊኒኩ ውስጥ እያንዳንዱ ሰዓሊ ግድግዳው ላይ ትንሽ ይሥልላታል። ደብዳቤው ላይ “በተለይ የመጀመሪያዋ ግመል፤ የእጁ እርጋታ ሁላችንንም አስደንቆናል” ይላል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለታጁ አላነበብኩለትም።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

ተጣላን። ስድስት ዓመት እንዲህ ተጣልተን አናውቅም።

“ቅዳሜ አልሄድም” አለ።

“ትሄዳለህ። እኔ አጠገብህ እሆናለሁ። ብሩሹን ዱላ ላይ አስደግፈህ ቀስ ብለህ…”

“ፈቲ፣ እይው።” እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። “እይው እንጂ። ከመስከረም ጀምሮ አይተሽው አታውቂም። ብርጭቆ ትቀይሪያለሽ፣ ወገቡ ነው ትያለሽ፣ ብርድ ነው ትያለሽ። ዝም አይነቅዝም ብለሽ ዝም፤ እኔም ዝም። ነቀዘ እኮ።”

“እኔ ላንተ ብዬ ነው።”

“ለእኔ ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ። ለሌላ ሰው ነው የጻፍሽው፣ ሚዳብ ሳለው ብለሽ፤ ሮብሌ አነበበልኝ። ሚዳብ አልሳለውም። እኔ በርጩማ ላይ ነበርኩ።”

ወጣሁ። እትዬ ወለተማርያም ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ይቅርታም እዚያው ጠየቅኳቸው፤ ሳይረሱት አልቀሩም፣ ግን አቀፉኝ።

እንግዲህ ልጻፈው። የታጁ እጅ ይንቀጠቀጣል። ብርድ አይደለም፣ ብርጭቆውም አይደለም። ትናንት የሸሚዙን ቁልፍ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ብቻውን መሳል አይችልም። ያን በር የሳልኩት እኔ ነኝ፣ ስሙን የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ሄደ። ለምን ሐሳቡን እንደቀየረ አልነገረኝም፤ ጠዋት ሸሚዙን ይዞ ቆሞ “ቁልፌን እሰሪልኝ” አለ።

ሲራድ ሃምሳ ዓመት ያለፋት መነጽራም ሴት ናት። ወሬ አታበዛም። ክፍሉ ኖራ ኖራ ይሸታል፣ አልጋዎቹ ላስቲካቸው አልተላጠም። ለታጁ ከሰል ሰጠችው። “የበሩን ግመል፣ አንገቷን ብቻ” አለችው።

ታጁ ግድግዳው ላይ ከሰሉን አሳረፈ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። አላቆመም፤ እስከ ትከሻዋ ድረስ እየተንቀጠቀጠ ወሰደው። ሳይደብቅ። ሲራድ መነጽሯን አወለቀች።

ዛሬ ታሞ ነው ማለት እችል ነበር። ሌላ ቀን ትለኝ ነበር፣ ፊቷ ላይ ይታያል። ሌላ ቀን ማለት ሌላ ውሸት ነው።

“በሩን የሳልኩት እኔ ነኝ” አልኳት።

“ገጹ ላይ የሱ ስም ነው ያለው።”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት። እሱ አላለኝም።”

“አሥራ አንዱስ?”

“የሱ ናቸው፣ ወላሂ።”

“አንዱን ከዋሸሽ አሥራ አንዱን ለምን ልመን?”

ልክ ናት። ታጁ ነው የተናገረው። “በሮቹ ከተማው ውስጥ ናቸው። ሂጂና ባለቤቶቹን ጠይቂ። እስከዚያ ግን ከሰሉን ለሷ ልስጣት።”

ሳልኩ። ታጁ ነገረኝ፣ እኔ ሳልኩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብን አላውቅም። ስጨርስ ሲራድ መነጽሯን አድርጋ ቆማ ነበር። “የምነግራቸው ያየሁትን ነው” አለች። “ገጹን ነገ አስተካክዪው። ሳይስተካከል አንድ መስመር አልጽፍላቸውም።”

መጋቢት 10፣ እሑድ

ታጁን ካፌ ይዤው ሄድኩ። ገጹን ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። አሥራ አንዱን በር አንድ በአንድ አየ። የዳቦ ቤቱን ለምን እንዳወጣው ረስቶ “የት ሄደ?” አለኝ።

ከመጀመሪያው ፎቶ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦ “አሥራ አንዱን በሮች ሚዳብ በእጁ ሳላቸው። ይህን በር እሱ እየነገራት ሚስቱ ፈትሂያ ሳለችው። እጁ ታሟል። ከእንግዲህ አብረን ነው የምንሠራው።”

አነበበ። “‘ሚስቱ’ የምትለውን አውጪ” አለ።

“ምን ልበል?”

“ሰዓሊዋ በይ። ሚስቴ መሆንሽን ለንደን ማወቅ አያስፈልገውም።”

ሮብሌ ናፍጣ ልይ ብሎ ወጣ። ናፍጣው ሙሉ ነበር።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ

ሐኪም ዘንድ ሄድን። የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገረን። ክኒን ጻፈለት፣ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም አለ። ከወራት በፊት ብትመጡ ኖሮ አላለም። እኔ ለራሴ አልኩት።

መጋቢት 19፣ ማክሰኞ

ሲራድ ዋይስን ጠይቃዋለች፤ ሌሎቹንም። ከኮሚቴው ውስጥ ሁለቱ አኩርፈዋል አሉ፣ በውሸቱ። ልክ ናቸው። አራቱን ክፍል አልሰጡንም። አንድ ክፍል ሰጡን፣ እሱ ካማረ የቀሩት ይታያሉ።

ታጁ “አንድ ግድግዳም ቢሆን ግድግዳ ነው” አለ። ነገ ቀለም እንገዛለን።

መጋቢት 24፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ግድግዳ ጀመርን። ታጁ በርጩማው ላይ፣ እኔ መሰላሉ ላይ። የምንስላቸውን ፍየሎች ከላይ፣ ከመስኮቱ ጫፍ ጋር አሰልፊያቸው አለኝ፤ ከበር ሲገባ እንዲታዩ። በከሰል ሁለቱን አሰለፍኩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወረድኩና ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ፍየሎቹ አይታዩም፤ የሚታየኝ ሆዳቸው ነው። ተነሥቼ ምንም ሳልለው አጠፋኋቸውና ዝቅ አድርጌ፣ ከትራሱ ትይዩ ሳልኳቸው።

ካስተማረኝ ወዲህ ትእዛዙን ስጥስ ይህ መጀመሪያዬ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ታጁ ተነሣ፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ፣ ቀስ ብሎ ተኛ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየ።

“አሥራ ሦስት ዓመት” አለ፣ “ለቆመ ሰው ነው የሳልኩት።”

ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ ቀጥይ አለኝ፣ እኔም ሦስተኛዋን ፍየል ጀመርኩ።